አማኝና ኢ-አማኝ ሳይጣሉ መከራከር ይችላሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ አማኝ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አይደለም። አንድ ቤት ነው ያደግነው፣ የንስሐ አባታችንም አንድ ነበሩ። ዛሬ እሁድ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሱ ተኝቶ ያረፍዳል። መከራከር ከጀመርን ስምንት ዓመት ሆነን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ክርክር ሳይሆን ጠብ ነበሩ። በኋላ ጓደኞች ተጨመሩ፤ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ፣ «እኔ እንጃ» የሚልም አለ። እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ እንገናኛለን። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ኢ-አማኝ፣ ሃይማኖት የለሽ፣ ኤቲስት፣ አግኖስቲክ... ሁሉም አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኤቲስት ፈጣሪ አለ ብሎ የማያምን ነው። በአማርኛ ኢ-አማኝ ወይም አምላክ የለሽ እንለዋለን። ሃይማኖት የለሽ ሰፋ ይላል፤ ፈጣሪ አለ ብሎ የሚያምን፣ ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይሄድ ሰው እዚህ ሊገባ ይችላል። አግኖስቲክ ደግሞ «መኖሩም አለመኖሩም ሊታወቅ አይችልም» የሚል ነው። ቃሉን በ1869 እ.ኤ.አ. የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው።

ከሃዲ፣ መናፍቅ፣ ካፊር የሚሉት ቃላት በየሃይማኖቱ ውስጥ የራሳቸው ትርጉም አላቸው። ቡና ላይ ሲወረወሩ ግን ስድብ ናቸው። መናፍቅማ ለኢ-አማኝ ስድብ እንኳ ሆኖ በትክክል አይገጥምም፤ ትምህርቱን አጣሞ ለሚያምን ነው የሚባለው። በሌላው በኩልም «ጭንቅላትህ ታጥቧል»፣ «ተረት አምላኪ» የሚል አለ። ወንድሜ ይህን ቃል ይወድ ነበር። አሁን አይጠቀምበትም፤ እኔም «ከሃዲ» ማለቱን ትቻለሁ። ቃል በቃል ተለዋወጥን ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢ-አማኝ አለ እንዴ?

አለ። ቁጥሩን ግን አትጠይቁኝ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ተብሎ ተመዝግቧል። መጨረሻ ላይ «ሌሎች» የሚል 0.6 በመቶ አለ። እዚያ ውስጥ ማን ማን እንዳለ የሚያውቀው ቅጹን የሞላው ሰው ነው። ወንድሜም ያኔ በእናታችን አንደበት ኦርቶዶክስ ተብሎ ነው የተቆጠረው።

ትልልቆቹ «ኮሙኒስት ነህ እንዴ?» የሚሉት ለምንድን ነው?

በእነሱ ዘመን ኢ-አማኝነት የመጣው ከካድሬ ጋር ስለሆነ ነው። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረደ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተወስደው ተገደሉ። ጴንጤው ስንት ዓመት ተደብቆ በየሰው ቤት ነው የጸለየው። በእርግጥ ነገሩ አንድ ወጥ አልነበረም። የሙስሊሙን በዓላት የመንግሥት በዓል ያደረገው ያው ደርግ ነው። ግን አንዲት የሰባ ዓመት እናት ልጃቸው «እግዚአብሔር የለም» ሲላቸው የሚታያቸው ፍልስፍና አይደለም። ቀበሌ ነው፣ የግዴታ ስብሰባ ነው፣ ያልተመለሰ የጎረቤት ልጅ ነው። ይህን ሳያውቁ እናትን «ኋላ ቀር» ማለት ጨዋነት አይደለም።

በእኛ ባህል የሃይማኖት ክርክር አልተለመደም፤ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም?

እንዲያውም በደንብ የለመድነው ነገር ነው። የረሳነው ጨዋውን ዓይነት ነው።

የድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ በተራ ይናገራሉ። የአንዱን ነገር ሳይጨርስ መንጠቅ ያስነውራል። ዋስ ይጠራል። በማር፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ። ንግግሩ በግጥምና በምሳሌ የተሸመነ ስለሆነ ተመልካቹ ለጨዋታውም ይመጣል። ሁለት ሰዎች በመሬት ወሰን ተጣልተው እንዲህ መናገር ከቻሉ እኛ በፈጣሪ ጉዳይ ለምን ያቅተናል?

በሃይማኖትም ቢሆን ጥሩ ምሳሌ አለን። አፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. የእምነት መግለጫ ጽፈዋል። ካቶሊኮቹ «እናንተ ትገረዛላችሁ፣ ሰንበትን ታከብራላችሁ፣ አሳማ አትበሉም፤ አይሁድ ናችሁ» እያሉ ይወቅሱ ነበር። ንጉሡ አልተሳደቡም። አንድ በአንድ መለሱ። ግርዘት የአገር ልማድ ነው አሉ፤ በኢትዮጵያና በኑብያ ፊት እንደሚበጣው፣ በሕንድ ጆሮ እንደሚበሳው ያለ ነው እንጂ ለሕገ ኦሪት ብለን አይደለም። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ከግራኝ ጦርነት ገና የወጣ ንጉሥ ነው እንዲህ ረጋ ብሎ የሚጽፈው።

መጥፎውም ምሳሌ የራሳችን ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሁለት ልደትንና የሦስት ልደትን ክርክር፣ ማለትም የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚለውን፣ አስደረጉ። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ ሦስት ልደት ተረታ፣ ተከታዮቹ እምነታቸውን እንዲተዉ ታዘዙ። በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። መሐመድ አሊ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት። ሊቃውንቱ የተናገሩት ጥልቅ ነበር ይሆናል። ግን ዳኛው ሠራዊት አሰልፎ ከተቀመጠ፣ የተረታውም እምነቱን የሚለውጥ ከሆነ፣ ያ ክርክር አይባልም። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፦ ተረታሁ ያለው ሰው ምን ይደርስበታል? ቡናውን ጠጥቶ ቤቱ ከገባ ክርክር ነበር።

ዘርዓ ያዕቆብ ኢ-አማኝ ነበር? ወጣቶቹ «የኛ ኤቲስት» ይሉታል።

በመጀመሪያ ከንጉሡ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር አታምታቱት። «ሐተታ» በሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ የሚታወቀው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ በ1599 እ.ኤ.አ. ተወለድኩ የሚል፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስደት ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት የኖረ ፈላስፋ ነው።

ሐተታውን ያነበበ ሰው ኢ-አማኝ ሊለው አይችልም። ዋሻ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይዞ ይጸልያል። ፈጣሪ መኖሩን በልቡናው መርምሮ ይቀበላል። የማይቀበለው ሰዎች «ፈጣሪ አዘዘ» ብለው ያመጡትን ነው። ጾሙን ይነቅፋል፣ ምንኩስናን ይነቅፋል፣ የሙሴንም የመሐመድንም ሕግ ይመረምራል። ሁሉም የራሱን እምነት እውነት፣ የሌላውን ሐሰት ካለ ታዲያ ማን ይፍረድ ብሎ ይጠይቃል። ኢ-አማኙ ጥያቄውን ይወስድለታል፣ አማኙ ጸሎቱን። ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያነቡት።

ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ጣሊያናዊ ካቶሊክ መነኩሴ በኩል ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. «መነኩሴው ራሱ የጻፈው ነው» አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ። ጉዳዩ ዛሬም አልተዘጋም። ስለዚህ ክርክር ውስጥ ስሙን ስትጠሩ ቀስ በሉ።

ክርክሩን ከምን እንጀምር?

ከትርጉም። ይህን የተማርኩት ከአንድ የሬዲዮ ክርክር ነው። በጥር 1948 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ላይ ፈላስፋው በርትራንድ ራስልና የፍልስፍና ታሪክ ጸሐፊው ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) የካቶሊክ ቄስ ፍሬደሪክ ኮፕልስተን ስለ እግዚአብሔር መኖር ተከራከሩ። ኮፕልስተን ገና ሲጀምር «እግዚአብሔር ስንል ምን ማለታችን ነው?» አለ። ከዓለም የተለየ፣ ዓለምን የፈጠረ፣ ማንነት ያለው የበላይ ኃይል ብንለው ትስማማለህ ወይ አለው። ራስል ተስማማ። ቀጥሎ ቄሱ ጠየቀ፦ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል ነው የምትለው? ራስል አይቻልም፣ እኔ አግኖስቲክ ነኝ አለ። እዩት እንግዲህ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ ታወቀ። እኛ እኮ ሁለት ሰዓት ጮኸን አንዳችን ስለ ሥላሴ፣ ሌላችን ስለ «አንድ ኃይል»፣ ሦስተኛው ስለ አጎቱ ሰባኪ እያወራን መሆኑን የምናውቀው ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ነው።

ከዚያ ሙግቱ ከረረ። ኮፕልስተን፦ በዓለም ያለው ነገር ሁሉ የመኖሩ ምክንያት ከራሱ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን በራሱ የያዘ አንድ መሠረት ሊኖር ይገባል። ራስል፦ የእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ይኖረዋል ማለት የጠቅላላው ምክንያት ይኖራል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ የሰው ዘር ግን እናት የለውም። በጣም የምወደው መልስ ነው። አማኝ ሆኜም እወደዋለሁ። የኮፕልስተንም ጥያቄ አልሞተም፤ ለጠቅላላው ምክንያት አትፈልግለት ማለት በራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ አልተስማሙም። ማንም ማንንም አላዋረደም።

ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የማን ነው?

የተናገረው ሰው። «ፈጣሪ አለ» ያለ ያስረዳ፤ «የለም» ብሎ በእርግጠኝነት የተናገረም ያስረዳ። «እኔ አላመንኩም» ያለ ሰው ግን ያለበት ዕዳ ቀላል ነው፤ የቀረበለት ማስረጃ ለምን እንዳላሳመነው መናገር ይበቃዋል።

ራስል በ1952 እ.ኤ.አ. በመሬትና በማርስ መካከል ፀሐይን የምትዞር፣ በምንም መነጽር የማትታይ የሻይ ማንቆርቆሪያ አለች ብል የለችም ብላችሁ ልታረጋግጡ አትችሉም፤ ስላልቻላችሁ ግን ልታምኑኝ ይገባል ማለት አይደለም ብሎ ጽፏል። ሐበሻ ቢሆን ጀበና ይል ነበር። ወንድሜ ይህችን ጀበና በየሳምንቱ ያመጣታል። መልሴ፦ እኔ የምለው ፈጣሪ ሰማይ ላይ የሚዞር አንድ ዕቃ አይደለም፤ ጀበናዋም ሰማዩም ለምን ኖሩ ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። እሱ ይህን «ማምለጫ» ይለዋል። እዚህ ላይ ነው ያለነው።

«ካለስ? ብታምን ምን ትጎዳለህ?» ጥሩ መከራከሪያ ነው?

አማኞች፣ እባካችሁ ይቺን ተዉአት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ያነሳት ናት፤ እሱ ዘንድ ጥልቅ ናት። እኛ ጋ ስትደርስ እንደ ሎተሪ ትሆናለች። ኢ-አማኙ ወዲያው «የትኛው ፈጣሪ?» ይላል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ጴንጤው አብረው ከተቀመጡ ጥያቄው የእውነት ነው። ከዚያም በላይ ፈጣሪ ልብን የሚያይ ከሆነ «ለማንኛውም» ብሎ ያመነውን ምን ይለዋል?

ፈጣሪን የማይፈራ ሰው ከመስረቅ ምን ይከለክለዋል?

ይሉኝታ! እየቀለድኩ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ከእኛ መሃል ስንቱ ነው ከሲኦል ይልቅ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚፈራ?

ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ስድብ ይሆናል። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው «ሌባ ልትሆን ትችላለህ» ማለት ነው። ወንድሜ የእናታችንን መድኃኒት በየወሩ ሳያስታውሱት የሚገዛ ሰው ነው። ጥሩው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ጥሩ» የሚለው ቃል ራሱ መሠረቱ ምንድን ነው? ከሰው ስምምነት በላይ የሆነ ነገር ከሌለ ጭካኔ ስህተት ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ይህ ኢ-አማኙን በእውነት የሚያሳስብ ጥያቄ ነው። እሱም በተራው፦ ፈጣሪ ያዘዘው ጥሩ የሆነው ስላዘዘው ነው ወይስ ጥሩ ስለሆነ ነው ያዘዘው? ብሎ ይጠይቃችኋል። ከሶቅራጥስ ዘመን ጀምሮ የሚጠየቅ ነው፤ በአንድ ቡና አያልቅም።

ሃይማኖቴ ከኢ-አማኝ ጋር እንድከራከር ይፈቅድልኛል?

የየራሳችሁን አባት ወይም ኡስታዝ ጠይቁ። እኔ የማውቀውን ልበል። በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል፤ ቀጥሎም በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ይላል። ጥቅሱን የሚጠቅሱ ብዙዎች ሁለተኛውን ግማሽ ይረሱታል። ሙስሊሙ ጓደኛችን ደግሞ ሱረቱ አን-ነሕል 125ን ያነሳል፤ መልካም በሆነው መንገድ ተከራከራቸው የሚለውን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው የሚያስፈራሩም አሉ። በአንድምታ ትርጓሜ ግን ሊቃውንቱ አንድን ቃል «አንድም... አንድም...» እያሉ ስንት መንገድ ሲወስዱት ዘንዶ አልወጣባቸውም።

መተቸትና መስደብ ድንበራቸው የት ነው?

ሐሳብ ይተቻል፣ ሰው አይሰደብም የሚለው ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን አይበቃም። ለአማኝ ሃይማኖቱ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እናቱ ናት፣ ክርስትና ስሙ ነው፣ ጾሙ ነው። ስለዚህ «ይህ ታሪክ አልተፈጸመም ብዬ አምናለሁ» እና በታቦት ላይ መቀለድ እኩል አይደሉም። መጀመሪያው ይመለስለታል። ሁለተኛው ምን ተብሎ ይመለሳል?

ሕጉን በተመለከተ፦ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 27 ደግሞ ሰው የመረጠውን እምነት መያዝ እንደሚችልና ማንም በግዳጅ ሊያስለውጠው እንደማይችል ይደነግጋል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ ጥላቻ መቀስቀስን ይከለክላል፤ ይህ ለሁሉም ወገን ነው። በዓረብ አገር ያላችሁ ግን ሌላ ሕግ ሥር ናችሁ። በሳውዲ ዓረቢያ በ2014 እ.ኤ.አ. የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው ደንብ ኢ-አማኝነትን ማራመድ ከሽብር ጋር ተመድቧል። ኤምሬትስም በ2015 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን መስደብ የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች። እዚያ ሆኖ ስልክ ላይ መከራከር ጀግንነት አይደለም፤ ይለፋችሁ።

መቼ ነው ዝም ማለት ያለብኝ?

ለቅሶ ላይ። ያለ ምንም ማብራሪያ።

በዓል ላይም። ከባድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ከስድስት ዓመት በፊት በፋሲካ ዕለት፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ወንድሜ ዶሮውን ሲቆርስ «ትንሣኤውን ሳታምን ዶሮውን ማመን እንዴት ነው?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ታጠበና ወጣ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አልመጣም። እናቴ ያንን ሁሉ ሳምንት አላናገረችኝም፤ እሱን ሳይሆን እኔን። ደግሞ ያልኩት ነገር ትክክል እንኳ አልነበረም። ሃምሳ አምስት ቀን ያልጾመ ሰው ፋሲካ ላይ መብላቱ ግብዝነት ከሆነ ግማሹ ጎረቤታችን ይነሳ ነበር።

ማመን አቁሜአለሁ። ለቤተሰቤ ልንገራቸው?

የሚያበሏችሁና የሚያስተምሯችሁ እነሱ ከሆኑ አትቸኩሉ። ከቤት መባረር የሐሳብ ነፃነት አይደለም። ስትናገሩም «እናንተ ተሳስታችኋል» ብላችሁ አትጀምሩ። «እኔ እንዲህ ሆኛለሁ» በሉ። ለእናት የሚያስጨንቃት ክርክሩ አይደለም፤ ልጄ ይጠፋል የሚለው ነው። ወንድሜ ለእናታችን «እማዬ፣ ስለት ካለሽ ተሸክሜ አደርስልሻለሁ» አላት። ጃንጥላውን ይዞ ቁልቢ ድረስ ሄዷል። ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

ወላጆች ደግሞ፦ ጸበል ይዛችሁ አትሩጡ። መጀመሪያ ስሙት።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ልከራከር?

አይ። እዚያ ዳኛው ስጦታ የሚልከው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚልከው ሰው ሲሰደብ ነው።

ታዲያ ወንድምህን አሳመንከው?

አላሳመንኩትም። እሱም እኔን አላሳመነኝም። እኔ ግን የፍጥረት ዕድሜን በስድስት ሺህና በሰባት ሺህ ዓመት መቁጠር ትቻለሁ። እሱም «ሃይማኖት ሁሉ ማታለል ነው» ማለቱን ትቷል። አሁን የያዝነው ርዕስ ነፃ ፈቃድ ነው። አራት እሁድ አልፎታል፤ ገና ትርጉሙ ላይ ነን።